የይርገዱ ተራ

ኤድያ! የሰው አፍንጫ እንዲህ መርጦ ያሸታል? በዚያ በከሚሴ ሐሩር በከብት ገበያው በኩል ሲያልፉ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ቦይ ሲሻገሩ አንድም ሰው አፍንጫውን አይይዝም። የይርገዱ ቤት ሽታ ነው ለማኅበርተኞቿ የከበዳቸው። ድንቄም ማኅበርተኛ!

ይርገዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት የምትኖር፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። ባሏ አሰግድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ መልስ ሞቅ ብሎት ይገባል፤ ሞቅ ካለው ደግሞ እጁ አያርፍም። የፊት ጥርሷ አንዱ የጎደለው በእሱ ቡጢ ነው። መረራትና ልብሷን ሸክፋ፣ ኮምቦልቻ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ በተነሳችበት ሰሞን፣ እሱን ደም ግፊት ጣለው። ግማሽ ጎኑ ደረቀ፣ ምላሱም ታሰረ። እህቷ "ጥለሽው ነይ፣ የእጁን ነው ያገኘው" ብላ ደጋግማ ደወለች። ይርገዱ ግን የሸከፈችውን ፈታች። ከዚያ ወዲያ ልብሷ ሁሉ እየተቀደደ የእሱ መጥረጊያ ሆኖ አለቀ፤ ይኸው ዓመት ዓመትን እየወለደ እሷም ከዚያ ቤት አልወጣች።

ወድዳው እንዳይመስላችሁ! ትጸየፈዋለች። ጀርባው ላይ የተኛበት ቦታ ቆስሎ መግል ይቋጥራል፤ ያንን ታጥባለች። ሥሩን ያበላሻል፤ ያንንም ታጥባለች። እጇን በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ እንጀራ ስትቆርስ ያው ሽታ ከጉርሻው ጋር ወደ አፏ ይመጣል። አንዳንዴ ያ ጥርሷን ያወለቀ እጅ፣ አሁን እንደ ደረቀ ቆዳ የተኮራመተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ያንገሸግሻታል። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ወዳለችው የማርያም ሥዕል ዞር ትልና፣

"እመቤቴ፣ አንቺን አልዋሽም። እጠላዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞቶ ባገኘሁት እያልኩ ነው የምነሳ። በሕይወት ካገኘሁት ግን አጥበዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ከኔ አትጠብቂ" ትላታለች።

ጸሎቷ ይኸው ነው። የሚያጽናኗት ሰዎች ደግሞ ከቁስሉ የባሱ ናቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከደጃፉ ሳያልፉ "እግዚአብሔር የሚወደውን ይገርፋል፣ ይርገዱ" ይሏታል።

"እንግዲያ ትንሽ ይጥላኝ" አለች አንድ ቀን።

"በስመ አብ!" አሉና አማትበው ሄዱ። ከአንገት በላይ ሐዘን ሞልቷል። አንድ ሳህን ሾርባ ይዛ የመጣች ግን አንዲት የለችም።

ቤቷ የምትገባው የአጥር ጎረቤቷ ዙቤይዳ ብቻ ናት። ዙቤይዳ ደግሞ አታስመስልም። "አካም ቡልቴ፣ እታለም?" ብላ እንዴት አደርሽ እያለች ትገባና፣ "ያ አላህ! ዛሬስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የገማው!" ትላለች። ትልና እጅጌዋን ሰብስባ በአንድ ጎኑ ትይዘዋለች፤ ይርገዱ በሌላው ጎን ታገላብጠዋለች። ወር በገባ በሃያ አንድ ይርገዱ ወደ ማርያም ማኅበሯ የምትሄደውም ዙቤይዳ አሰግድን እየጠበቀችላት ነው። ከዚያ ቤት መውጫዋ ይህች የማኅበር ቀን ብቻ ናት። እሷ ከቀረች ሌላ ቀዳዳ የላትም።

ማኅበሩ በየወሩ በየተራ ነው። ተረኛዋ ዳቦ ደፍታ፣ ጠላ ጠምቃ ታበላለች፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ከዚያው ቤት ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የይርገዱ ተራ ሲደርስ ግን "አንቺማ ችግር አለብሽ" እያሉ ሲያልፏት ኖረዋል። ባለፈው ወር ሰብሳቢዋ ብዙአየሁ ቤት ሲጠጣ፣ እንደ ልማዳቸው ሊያልፏት ሲሉ፣ ይርገዱ ብድግ አለችና ጽዋውን አንስታ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ማን ይከልክላት? ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

በዓሉ ሲቃረብ ብዙአየሁ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች።

"መቼም አንቺ ደካማ ነሽ" አለች። "ዳቦውንም ጠላውንም እኛ እናዘጋጃለን። አንቺ ጽዋውን ብቻ ይዘሽ እኔ ቤት ነይ።"

"ለምን?"

"ለአንቺው አስበን ነዋ!"

"ሽታው ነው በይኝ፣ ብዙአየሁ። አፍሽን ሸፍነሽ ስለኔ አታስቢ።"

ብዙአየሁ ፊቷ ተለዋወጠ። "እሺ ሽታው ነው! የቅድስት ማርያም ጽዋ እንዲህ ባለ ቤት ይጠጣል?"

"እሷ የወለደችው በረት ውስጥ ነው። የከብቱ እበት ሽቶ ነበር እንዴ?"

"እንዲያ ነው? እንግዲያው በሃያ አንድ ጽዋው እኔ ቤት ካልተገኘ ከማኅበሩ ወጥተሻል" ብላ ብዙአየሁ ባጃጇን አስነስታ ሄደች።

ይርገዱ ቀኑን ሙሉ አንጀቷ ሲያር ዋለ። ብትወስድላቸው ቤቷ የረከሰ መሆኑን በገዛ እግሯ ሄዳ መመስከሯ ነው። ባትወስድ ያች የቀረቻት አንዲት በር ተዘጋች። ተነሳችና ጌሾ ወቀጠች።

"ጠላውን እንደሁ አልነካልሽም" አለች ዙቤይዳ። "ሽንኩርቱን ግን ወዲህ በይው። አብሽሪ!"

ደረሰ ሃያ አንድ። አሰግድን አጠቡት፣ ንጹሕ ነጠላ አለበሱት፣ በሩንም መስኮቱንም ከፈቱት። ሽታው ግን ከግድግዳው ገብቷል፤ አልወጣም። ዳቦው ተቆርሶ ሳይበላ ቀዘቀዘ። ነጠላ የለበሱ ሴቶችን የጫነ ባጃጅ በደጃፉ አልፎ ወደ ብዙአየሁ ሰፈር ታጠፈ። አንደኛዋ አንገቷን ስባ አይታ ቶሎ ዞረች። ቱ! ከዚህስ መሳደብ ይሻል ነበር።

በመጨረሻ የማኅበሩ ቄስ፣ ቄስ ምንውየለት መጡ። ይርገዱ ደስ ብሏት መስቀላቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣

"ልጄ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው። ጽዋውን ስጪኝና ልሂድ" አሉ፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ።

"ማኅበሩ እዚህ ነው፣ አባቴ። ተራው የኔ ነው።"

"ትሕትና ነው የሚያዋጣው፣ ልጄ።"

"ትሕትና?" አለች። "የሰው ዓይነ ምድር በእጄ እየጠረግኩ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ አባቴ። ከዚያ በታች ወዴት ልውረድ? ወይ ያንን ጋቢ ከአፍንጫዎ አውርደው ይግቡ፣ ወይ ባዶ እጅዎን ይመለሱ።"

ቄሱ ቆሙ። አሰግድን አዩት፣ ዳቦውን አዩት። ጋቢያቸውን አወረዱና ገቡ። "በስመ አብ" ብለው ጸሎቱን እንደጀመሩ ሮጠው ወጡ፤ አጥሩ ሥር አስመለሳቸው። ጢማቸውን እየጠረጉ፣ አፍረው ተመለሱ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ኧረ ምንም አይደል። እኔንም መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሰኝ ነበር።"

ጸሎቱን ጨረሱ። ዳቦውን ባረኩ፣ ከጠላውም ተጎነጩ። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው "ይቅር ብለሽዋል?" ብለው ወደ አልጋው አመለከቱ።

"አላልኩትም። አጥበዋለሁ። ይቅርታውን እግዚአብሔር ካለው እሱ ይስጠው፤ እኔ ያለኝ ውሃና ጨርቅ ነው።"

ቄሱ እንደ ሥርዓቱ "ለሚቀጥለው ወር ጽዋውን የምታነሳ ማን ናት?" አሉ፤ ካሉ በኋላ ነው ቤቱን ዞር ዞር ብለው ያዩት። ከይርገዱ ሌላ ያለው አሰግድ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ዙቤይዳ።

"ኧረ እኔን አይዩኝ፣ አባ!" አለች ዙቤይዳ።

"እንግዲያስ እኔ ልውሰድላቸው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ይርገዱ ጽዋውን ወደ ደረቷ ሳበችው። "ጽዋ ከቤት የሚወጣው ተረኛዋ ራሷ መጥታ፣ በልታ ጠጥታ ስታነሳው ነው። ሥርዓቱ እንዲህ አይደለም?"

"ነው" አሉ ቄሱ።

"እንግዲያ የትም አይሄድ። እኔ እዚህ መውጫ አጥቼ ኖሬያለሁ፤ እመቤቴም እዚሁ ከኔ ጋር ትክረም። የፈለጋት በዚህ በር ይግባ።"

ቄስ ምንውየለት ባዶ እጃቸውን ወደ ብዙአየሁ ቤት ሄዱ። ይርገዱ ጽዋውን ከአልጋው ራስጌ አኖረችው፤ አሰግድ ሥሩን አበላሽቶ ነበርና ውሃ ልትጥድ ተነሳች።