ሮሴንዳ ለሐኪም ያልነገረችው

ሮሴንዳ በካትባሎጋን ወደብ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ዋጋ ቀንሺ ያላት ሰው ጉዱ ፈላ፤ ምላሷ ማንንም አይምርም። ስለ ሽንቷ ሲነሳ ብቻ አንደበቷ ይተሳሰራል። በሸናች ቁጥር ልቧ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ራሷ ሊፈነዳ ይደርሳል። ትንሽ ቆይቶ ይተዋታል።

አማቷ ቶያንግ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረችም። «ከማንጎው ሥር ስትሸኚ ‹ይለፉኝ አባቴ› አላልሽማ! ከመሬት ሥር የሚኖረው መንፈስ፣ የአፈሩ ሽማግሌ፣ አናቱ ላይ ተሸንቶበት ዝም ይበልሽ?» ሮሴንዳ ዶሮ አቀረበችለት፣ ይቅርታ ጠየቀችው። ሽንት እንዳይመጣባትም ውኃ መጠጣት ተወች።

ደም መሽናት ስትጀምር ግን ሆስፒታል ሄደች። ፊኛዋ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ዶክተር ቪያሩስ «ካንሰር አይመስልም፤ ነገ እናወጣዋለን። ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» ብትላት፣ «ምንም» አለች። የሽማግሌው ጉዳይ ለተማረ ሰው እንዴት ይነገራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

በማግስቱ ወደ ቀዶ ጥገና ከመወሰዷ በፊት ሽንት ቤት ገባች። ያው መጣባት። ግድግዳ ተደግፋ ስትወጣ ነርሷ ዲቪና አየቻት።

«እትዬ ሮሴንዳ! ምነው ላብ በላብ ሆኑ?»

«ፍርሃት ነው፣ ልጄ።»

«እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ።» የደም ግፊቷን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ ነገር ከዚህ በፊትም ያደርግዎታል? ይንገሩኝ እንጂ!»

የሚወስዳት አልጋ በሩ ላይ ቆሟል። ሮሴንዳ ከቢላው ይልቅ የሐኪሞቹን ሳቅ ፈራች፤ ቢሆንም ተናገረች።

«ስሸና... ስሸና ብቻ ነው። የአፈሩ ሽማግሌ ተቀይሞኝ ነው። አትሳቂብኝ።»

ዲቪና አልሳቀችም፤ ሮጠች። ዶክተሯ የቀዶ ጥገና ቆቧን እንዳደረገች እየተጣደፈች መጣች።

«ትናንት ጠይቄዎት ነበር እኮ!»

«አፍሬ ነው።»

«ልብዎን የሚያስደልቀው ራሱ እብጠቱ ነው። ፊኛዎ ሲጨመቅ እሱም ይጨመቅና ግፊት የሚያንር ነገር ደምዎ ውስጥ ይረጫል። ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለውን በዕድሜው አያይም። ዛሬ ሳላውቅ ብነካው ኖሮ እጄ ላይ ይቀሩ ነበር።»

ሮሴንዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ቀዶ ጥገናው ተራዝሞ ግፊቷን የሚያረጋጋ መድኃኒት ለሳምንታት ዋጠች። ከዚያ እብጠቱ በሰላም ወጣ። የሽንት ቱቦው የተነቀለላት ቀን ሽንት ቤት ገብታ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«እትዬ፣ መጣብዎት እንዴ?» አለች ዲቪና ከውጭ።

ከውስጥ ሲቃ ተሰማ። ዲቪና ደንግጣ በሩን ገፋችው። ሮሴንዳ እንደተቀመጠች ታለቅሳለች፤ ፊቷ ላይ ግን ላብ የለም።

«ውኃ ስጪኝ» አለቻት። «ብዙ ውኃ።»