አልቀበልም ብላለች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ትንንሹን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ትልቁን ዋጥ አድርጌው ኖርኩ።

ከመርሳ ከተማ ወደ ግራና እየተመላለስኩ የፍርድ ቤት መጥሪያ አደርስ ነበር። ግራና ውስጥ ዘሀራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። የባሏ ወንድም መስኖ የሚገባውን መሬቷን “የእኔ ነው” ብሎ ከሰሳት። መጥሪያዋን ይዤ ስሄድ መንገድ ላይ ጠበቀኝና “ለፋሲካ ይሆንሃል” ብሎ አንድ ሙክት ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ደጃፏን ሳልረግጥ ተመልሼ “አልቀበልም ብላለች” ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ማንም እጄን አልያዘም። በሌለችበት ተፈረደባት።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ምን ተሾሜ? ወረቀት ተሸካሚ! በዚህ ከንቱ ተረት ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ!

ዘሀራ ፍርዱን ስትሰማ እያለከለከች መጥታ መጥሪያ አልደረሰኝም ብላ አመለከተች። ዳኛው ጠርተው አስማሉኝ። እጄን አንስቼ በሐሰት ማልኩ። አዎ፣ ማልኩ!

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ትክ ብላ አየችኝና ወደ ዳኛው ዞረች።

“ወላሂ እኔን አልደረሰኝም፤ ከሌላ ሴት ጋር ተምታቶባቸው ይሆናል። ግን ትልቅ ሰው በፈጣሪ ስም ከማሉ እኔ ምን እላለሁ? ነገሬን ለአላህ ሰጥቻለሁ” አለች። አቤቱታዋንም ተወችው።

መሐላዬን አክብራ መሬቷን አጣች። የፈጣሪን ስም ከእኔ አፍ ሰምታ እሷ ፈራች፤ እኔ የጠራሁት አልፈራሁም። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ ነው? አይደለም! ተገላገልኩ ብዬ ነው። ደስ ብሎኝ ነው ከችሎት የወጣሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዛሬ ዘሀራ በገዛ መሬቷ ላይ ለባሏ ወንድም በቀን ሥራ ሽንኩርት ትነቅላለች። ገበያ ስንገናኝ “እንደምን ዋሉ ጋሼ? ቤተሰብ ደህና?” ትለኛለች። ሰላምታዋ ያንገበግበኛል። ድሃ ስለነበርኩ ነው አልልም፤ ድሃስ እሷ ነበረች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። መሬቱ የእናንተ አይደለም፣ ምኑን ይቅር ትሉኛላችሁ? እዚያው ችሎት ቀርቤ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ይሰሩኝ። ዘሀራ መሬቷን ታግኝ፤ ከዚያ መሬቷ ላይ ቆማ ትርገመኝ።