የእትዬ ዶሮቲ ዝምታ

ባለፈው ማክሰኞ ከሆፐርስ ክሮሲንግ ወደ ፉትስክሬይ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ታነብና ዓይኗን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች። ከዚያ ከንፈሯ በድንገት ይቆማል፣ ፊቷ ይደነግጣል፣ ተመልሳ ወረቀቱን ታያለች። ምን እያጠናች እንደነበር አላውቅም። የሥራ ኢንተርቪው ይሆናል፣ ወይም የሠርግ ንግግር። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። መውረጃዬ ገና ሁለት ጣቢያ ሲቀረው ተነሥቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ቃል የጠፋው ሰው አጠገብ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት እንግሊዛዊት እመቤት አስተምረውኛል።

ያኔ እዚሁ ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን ሰፈር፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ስምንተኛው ደርብ ላይ እኖር ነበር። ከሱዳን ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ገና ካርቱም ነበር፤ የቪዛው ነገር ዛሬ ነገ እየተባለ ወራት አለፉ። የሚጠብቅ ሰው ቤት አይበቃውም። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለስ ነበር። ከታች ካለው ዱቄት ፋብሪካ የእህል ሽታ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ከፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ በኩል የጭድና የፈረስ ሽታ። አገር ቤት የደረስኩ ይመስለኝና መስኮቱን ስከፍት የሜልበርን ብርድ ፊቴን ይመታኛል።

ሥራዬ ከተማ መሀል ባለ አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት የልብስ ክፍል ውስጥ መተኮስ ነበር። አለቃዬ ማሪያ የምትባል ግሪካዊት ናት፤ ስትናገር ግድግዳው ይሰማል፣ ሰው ሲከፋው ግን መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሰበር ብሎ የመንገድ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን ማርገፍ ሲጀምሩ ከለንደን አንድ የቲያትር ቡድን መጣ። ዋናዋን ተዋናይት እንድታለብስ የታሰበችው ሴት ታመመችና ማሪያ እኔን ጠራችኝ።

“አንቺ ወሬ አታበዢም” አለችኝ። “እሳቸውም ወሬ አይወዱም። ትስማማላችሁ።”

ሚስ ዶሮቲ ዌንትሊ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ መንገድ ላይ ልብ ሳትሏቸው የምታልፏቸው ዓይነት ሴት። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ቁመት ይጨምራሉ፤ እንዴት እንደሚያደርጉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚያ ድራማ ውስጥ የተከበበች ከተማዋን ለጠላት ለማስረከብ የተገደደች ባልቴት ንግሥት ነበሩ። ቋንቋው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ያውም በግጥም ነው። እኔ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ብሰማ ነው።

የመጀመሪያው ቀን “ሚስ ዌንትሊ” ስላቸው “ዶሮቲ በዪኝ” አሉኝ። እናቴን የምታህል ሴት በስሟ መጥራት አልሆነልኝም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ስለዚህ “እትዬ ዶሮቲ” አልኳቸው።

“እትዬ ምንድን ነው?”

“ለታላቅ ሴት የሚባል ነው።”

“ከሚስ ይሻላል” አሉ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ስጠራቸው አይሰሙኝም ነበር። እሳቸውም ጽጌ ማለት አቅቷቸው “ሲጊ” እያሉ ቀሩ።

ዝም ብለው የቆሙበትን ጊዜ አላስታውስም። የንግሥቲቱ ቀሚስ ከኋላ አሥራ ስምንት ቁልፍ ነበረው፤ እሳቸው በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደዱ እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ነበር የምቆልፈው። ካልተራመዱ ቃሉ እንደማይመጣላቸው ነገሩኝ። እኔም የባለቤቴን ደብዳቤ ስጠብቅ እንደዚያው ስለሆንኩ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። አንዳንዴ ሁለታችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንዟዟር ማሪያ በሩን ትከፍትና ራሷን ነቅንቃ ትዘጋዋለች።

ትርኢቱ ሲጀመር ከመጋረጃው ጀርባ ሻርፕና ውኃ ይዤ እቆማለሁ። በየቀኑ ያንኑ ቃል መስማት ነው። በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ትርጉሙን ሳላውቅ የግዕዝ ጸሎት በቃሌ ይዣለሁ፤ ጆሮዬ እንዲህ ያለ ነገር ለምዷል። እንግሊዝኛም ይለመድልኛል ብዬ የንግሥቲቱን ንግግር በፊደላችን ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት የእሳቸውን ድርሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዤው ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ በከሰዓቱ ትርኢት ላይ፣ እትዬ ዶሮቲ ንግግራቸው መሀል ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። የንግሥት ዓይን አልነበረም። ገበያ መሀል እናቷ የጠፋችባት ሕፃን ዓይን ነበር። የጠፋባቸውን ቃል አውቀዋለሁ። “መርሲ” አልኩ በሹክሹክታ፤ ምሕረት ማለት ነው። ር-ዋን እኛ እንደምንላት አጠንክሬ ነው ያልኩት። እሳቸውም ቃሉን ከነር-ዋ ተቀብለው ለሕዝቡ አሰሙት። ማንም አላወቀም።

መልበሻ ክፍል ስንገባ በሩን ዘጉ። “ከየት አወቅሽው?”

ደብተሬን አሳየኋቸው። ተባረርኩ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

“ይሄ ሁሉ የኔ ቃል ነው?”

“አዎ።”

“እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም።” ደብተሩን መለሱልኝ። “ሲጊ፣ ቃል ሲጠፋኝ አንቺ ታቀብዪኛለሽ። በመድረኩ ሌላ ጎን ተውኔቱን ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ዞሬ አይቼው ካቀበለኝ፣ የዕለቱ ሪፖርት ላይ ይጽፈዋል። አንዴ ከተጻፈ አለቀ። ለማንም አትናገሪ።”

እሺ አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፌም ምግቤም ተዛባ።

ሰኞ ትርኢት የለም። ሰኞ ሰኞ እትዬ ዶሮቲ በባቡር ኬንሲንግተን ይመጣሉ፣ ጣቢያው ላይ እቀበላቸዋለሁ፣ በእግራችን ወንዙን ተሻግረን ፉትስክሬይ እንሄዳለን። መንገዱን ሁሉ ድርሻቸውን ይሉልኛል፤ ሲሳሳቱ አርማለሁ። ጭነት መኪና ሲያልፍ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ አያቆሙም። የሜልበርን ሰማይ በአንዲት ጉዞ ውስጥ ፀሐይ፣ ካፊያ፣ ብርድና እንደገና ፀሐይ ያወርድብን ነበር። ያኔ ፉትስክሬይ እንደ ዛሬው በሐበሻ ቤት አልተሞላም። ከቬትናሞቹ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ እንገዛና ተመልሰን እኔ ቤት ሽሮ እሠራለሁ፤ ሽሮ በቬትናም ዳቦ።

መጀመሪያ የቀመሱ ቀን ማንኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ የተናገሩት እንግሊዝኛ የማላውቀው ሆነብኝ፤ ቃሉ ወፍራም፣ ረገጥ ረገጥ ያለ፣ የመድረኩን የማይመስል። “እናቴ የምትቀቅልልን አተር እንዲህ ነበር” ማለታቸው ነው። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ፣ በአንዲት የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበር። እናታቸው ልብስ አጣቢ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ከተማዋ ከመጣ ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን ጋር መድረክ እየጠረጉ ሄዱ። አነጋገራቸው የገጠር ነው ተብሎ አስተማሪ ተቀጠረችላቸው፤ አፋቸው ውስጥ ቡሽ ይዘው እንዲናገሩ አደረገች። አሥር ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ትሪ ይዛ የምትገባ ገረድ ሆነው ሠሩ። አንድ ቀን ዋናዋ ተዋናይት ስትታመም የእሷን ድርሻ ማን ያውቃል ተባለ። ትሪ ያዧ ታውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ንግሥት ሆኑ።

“ሁለት ባል ነበረኝ” አሉኝ ዳቦውን እየቆረሱ። “ሁለቱም ጥሩ ሰዎች። ሁለቱም ቤት ይወዳሉ። እኔ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ እታመማለሁ።”

“አይደክምዎትም?”

“የሚደክመኝ ስቆም ነው።”

በአምስተኛው ሳምንት ማሪያ መተኮሻው ክፍል መጥታ አጠገቤ ቆመች። “ሴትዮዋ ደህና ናቸው?” አለችኝ። “ዳይሬክተሩ እየጠየቀኝ ነው። ይረሳሉ እንዴ?”

“ደህና ናቸው” አልኳት፤ ዓይኗን ሳላይ። ሥራዬን የሰጠችኝ፣ ለባለቤቴ ጉዳይ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈችልኝ ሴት ናት። የዋሸኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን የተኮስኩትን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ተኮስኩት።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ የቁልፉ ትዕይንት ላይ ደረስን። ንግሥቲቱ የከተማዋን ቁልፍ ለጠላት አለቃ ከማስረከቧ በፊት የመጨረሻ ቃሏን የምትናገርበት ነው። እትዬ ዶሮቲ ቁልፉን ይዘው ቆሙ። ቆሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ጠፍቷቸዋል አልኩ። ቃሉን አቀበልኳቸው፤ ከድንጋጤ የተነሣ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው ወደ መጋረጃው አዩ።

ቃሉን ተናግረው ትርኢቱን ጨረሱ። መልበሻ ክፍል ሲገቡ ግን ፊታቸው ነጭ ሆኗል።

“ቃሉ አልጠፋኝም ነበር!” አሉ። “አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ይዞልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ያገኘሁ ይመስልሻል? ወሰድሽብኝ።”

“ይቅርታ፣ እትዬ ዶሮቲ። የረሱ መሰለኝ።”

“ማሰብና መርሳት አይለይሽም?”

አይለየኝም ነበር። ሰኞ ጣቢያው ላይ ስጠብቃቸው ዋልኩ፤ አልመጡም።

ማክሰኞ ያለ ወሬ አለበስኳቸው። የቁልፉ ትዕይንት መጣ። ቆሙ። አፌን በእጄ ይዤ ቆጠርኩ። ይሄ የሳቸው ዝምታ ነው፣ እንዳትነኪው እያልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰባት፣ ስምንት ደረስኩ። ሰው አሳለ። ሌላ ሰው አሳለ። ወንበር ተንቋቋ። ያኔ ዓይናቸው መጣ፤ የዚያች የጠፋች ሕፃን ዓይን። ቃሉን ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከኔም ጠፋ። ስንት ሳምንት በቃሌ የያዝኩት፣ በተኛሁበት የምለው ቃል፣ የለም። እኔና እሳቸው ተያየን። በመጨረሻ የጠላቱን አለቃ የሚጫወተው ወጣት እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደና የራሱን ንግግር ጀመረ።

ክፍላቸው ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እያለቀስኩ “ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ።

“አይደለም” አሉኝ። ድምፃቸው ሽሮ ሲበሉ እንደሚናገሩት፣ የእናታቸው አገር ድምፅ ነበር። “ቅዳሜ ቃሉ አልጠፋኝም ያልኩሽ እውነት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ራሴ ካልለየሁት አንቺ ከየት ትለዪዋለሽ? የቀሚሱን ቁልፎች ፍቺልኝ፤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ራሴ እሄዳለሁ።”

አሥራ ስምንቱን ቁልፍ ፈታሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላቸው መሮጥ አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ ተተኪዋ ተዋናይት ገባች። ለማሪያ እኔው ሄጄ ነገርኳት። “ብትነግሪኝ ኖሮ በክብር የሚያቆሙበትን መንገድ እፈልግላቸው ነበር” አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አልባረረችኝም፤ ግን አንድ ወር ያህል ከሰላምታ በቀር ቃል አላወጣችም።

እትዬ ዶሮቲ በሳምንቱ ተሳፈሩ። ከመሄዳቸው በፊት ኬንሲንግተን መጥተው ተሰናበቱኝ፤ ሽሮውን በቁማቸው በሉ። ባለቤቴ በቀጣዩ ክረምት መጣ። ከዚያ በኋላ ከእትዬ ዶሮቲ አንድ ፖስታ ካርድ ደረሰኝ። በተወለዱባት ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ልጆች ያስተምራሉ። “ቡሽ የለም” ይላል ካርዱ፤ “በእናታቸው አፍ ነው የሚናገሩት።” መልስ ጽፌ ነበር። ሌላ አልመጣም።

የልጄ ልጅ ሶልያና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ስደውልላት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ ከገና ወዲህ ግን ማንም ሳያዛት በአማርኛ ልሞክር ትላለች። ባለፈው እሑድ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር መጣላቷን ስትነግረኝ መሀል ላይ ቆመች።

“አያቴ፣ እኔ እሷን… ዌይት። እኔ እሷን…”

ስልኩ ጸጥ አለ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ “ተቀየምኳት” ልትል ነው ብያለሁ። ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ወደ በሩ ተመለስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ምጥ አልዳንኩም፤ ቶሎ ካቀበልኩ ወሰድኩባት፣ ከዘገየሁ ጣልኳት። ልትዘጋው ነው ብዬ አፌን ልከፍት ስል መጣላት።

“ናፈቀችኝ” አለች።