የገንዳው ፋይሎች

መሥሪያ ቤታችን ቦሌ፣ ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። መዝገብ ቤቱ ደግሞ የቪላው መታጠቢያ ቤት ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ቀልድ ይመስላቸዋል። መደርደሪያው ሲሞላ ፋይሉን ገንዳው ውስጥ መከመር ጀመርን፤ ውሎ አድሮ ገንዳውም ሞላ። እኔ የዚያ ገንዳ ሹም ነበርኩ።

ከሾላ ገበያ ወዲያ የሚኖሩ አንዲት እናት በየሰኞው ይመጡ ነበር። ሟቹ ባላቸው የእኛ ሹፌር ነበሩ። እናትየው ጡረታ እንዲያገኙ የባላቸው ፋይል መገኘት አለበት፤ ፋይሉ ግን የለም። ጠዋት መጥተው፣ ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው አግዳሚው ላይ ይውላሉ። መውጫ ሰዓት ሲደርስ «እስቲ ሳምንት ይመለሱ» እንላቸዋለን። አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አዲስ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ተመደበችልን፤ ቀጭን፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት። ገንዳውን ቆማ አየችና ቀጥ ብላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ስትወጣ ለእሑድ የሥራ ዘመቻ ታውጆብን ነበር። የዚያን ጊዜ እሑድ ያለ ዘመቻ አያልፍም፤ ወይ ችግኝ እንተክላለን፣ ወይ ቦይ እንቆፍራለን። የወረቀት ዘመቻ ግን ሰምተን አናውቅም። ካድሬያችን እንኳ ምን መፈክር እንደሚያሰማ ግራ ገባው።

እሑድ ጠዋት እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። ፋይሉን ሁሉ አውጥተን ግቢው ሣር ላይ በሀሁ ተራ ዘረጋነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው በእያንዳንዱ ላይ ድንጋይ ጫንን። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያመላልሳሉ። ስማቸው በ«ገብረ» የሚጀምሩት ብቻ ከአጥሩ እስከ በረንዳው ደረሱ።

ረፋድ ላይ ከበረንዳው ሆኜ ስመለከት አፌን ይዤ ቀረሁ። አቧራ እያልኩ ስረግመው የኖርኩት ሁሉ ለካ ሰው ነው! የተቀጠረው፣ ያገባው፣ የታመመው፣ የሞተው፣ ሁሉም በየስሙ ተሰልፎ ፀሐይ ይሞቃል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወረቀቱ በሙሉ ከድንጋዩ ሥር ተርገበገበ። ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም።

የሹፌሩ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ኃላፊዋ እዚያ ላይ ድንጋይ ብቻ አስቀመጠችና «ይፈለግ» አለች። የማባዣ መሣሪያውን ስናነሳ፣ ፋይሉ መሣሪያው እንዳይንገዳገድ ከእግሩ ሥር ተወትፎ ተገኘ። ማንንም አልተቆጣችም። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ከድንጋዩ ሥር አኖረችው።

ሰኞ እናትየው መጥተው ገና ከመቀመጣቸው ፋይሉን ይዤ ወጣሁ።

«እማማ፣ ተገኘ!»

አላመኑኝም። ገልጬ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባላቸው ሲቀጠሩ የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ ጎፈሬ ያለው ጎረምሳ። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ይሄ ገና እኔ ሳላውቀው ነው» አሉ።

ኃላፊዋ ማስረጃውን አጽፋ፣ አስፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ ሰጠቻቸው። ገና ጠዋት ነበር። ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ግን አልተነሡም። አግዳሚውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቋጠሮ አዩ።

«ታዲያ አሁን ልሂድ፣ ልጄ?»

«ይሂዱ እንጂ እማማ፤ አለቀ እኮ።»

«ምሳዬንስ?» አሉኝ ግራ ተጋብተው።

ያቺ ሳቅ የማታውቅ ሴት ከውስጥ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው።