አሥር ራስ፣ ሃያ ስምንት እግር

የላጲስ ሽታ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። መካነ ብርሃን ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን፣ «የዶሮዎችና የበጎች ራስ ተደምሮ አሥር፣ እግራቸው ሃያ ስምንት ነው፤ ስንት ዶሮ፣ ስንት በግ አለ?» የሚል የቤት ሥራ ሰጠን።

ኤክስና ዋይ እየጻፍኩ እያጠፋሁ ደብተሬ ተቀደደ፤ አለቀስኩ። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ? መጀመሪያ ሁሉንም ዶሮ አድርጊያቸው። የተረፈውን እግር ለበጎቹ ሁለት ሁለት ጨምሪላቸው» አለኝ።

«በግ እኮ አራት እግር ነው ያለው! የማታውቀውን አታውራ!» ብዬ ጮህኩበት።

በማግስቱ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራው ልክ አባቴ እንዳለው ነበር፤ ሁሉም ዶሮ ቢሆኑ ሃያ እግር፣ የተረፈው ስምንት ሁለት ሁለት ሲታደል በጎቹ አራት ሆኑ። ቤት ስገባ አባቴ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። እልህ ያዘኝና «ተሳስተሃል» አልኩት።

አሁን አባቴ ጎንደር እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ስትጠጋው፣ «እናትሽን ጠይቂ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» ይላታል።