የታወቀ ተጫዋች

የመጨረሻው ደህና ቀን ጠዋት ወንድሜ ባጃጁን ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። እንጅባራ እንደ ልማዷ ታካፋለች። አንዲት እናት አውራ ዶሮ ታቅፈው ከኋላ ገቡ።

«እማማ፣ አውራ ዶሮውን ወደዚህ ያቀብሉኝ፤ ክላክሱ ተበላሽቶብኛል» አላቸው።

«አንተ ፌዘኛ!» ብለው ትከሻውን መታ አደረጉት። ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እስኪታረድ ድረስ እንኳ ያገለግላል» አልኩ።

ሴትዮዋ ዶሮውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ይሄ ላጋጣ ደግሞ ምንህ ነው?»

«ቅያሪ ጎማዬ ነው፣ እማማ። እስካሁን ግን አልገጠምኩትም።»

እንደገና ሳቁ። እንግዲህ እንደዚያ ነበርን። እሱን ፌዘኛ ሲሉት ምርቃት ይመስላል። እኔ ላጋጣ ስባል ላጋጣ ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ። ብቻውን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሲሄድ ባጃጁ ተገለበጠ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ይህን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ቀብር ከመውጣታችን በፊት፣ አጎቴ ወረቀት ሰጠኝ። «አሥራ ሁለተኛን የጨረስከው አንተ ነህ። የሕይወት ታሪኩን ጻፍ።» የተወለደበትን፣ የተማረበትን ጻፍኩ። ጠባዩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወንድሜን በአንድ ቃል በትክክል መናገር ፈለግሁ፤ ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም።

ቀልደኛ ልል ነበር። እናቴ ሰማችና «ቀልደኛ አትበልብኝ፤ ሥራ የማያውቅ ታስመስልብኛለህ» አለች። ፌዘኛ ደግሞ በአፍ ሲሉት ያምራል እንጂ በወረቀት ስድብ ነው፤ ያውም ቄሶች ፊት። ተረበኛ ብል ተረቡን የሚያውቁት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ «በሁሉም ዘንድ የታወቀ ተጫዋች ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋታ አዋቂ፣ አጠገቡ መቀመጥ የሚያስደስት ሰው ማለቴ ነው። ኮራሁበት እንኳ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ አነበብኩት። ከዘንገና በኩል የመጡ የእናቴ ዘመድ፣ አፋቸውን በአገውኛ የፈቱ ሽማግሌ፣ ከፊት ቆመዋል። አማርኛቸውን ያዳበሩት ሬዲዮ ላይ ኳስ እየሰሙ ነው። አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ለየትኛው ክለብ ነበር?»

ከኋላ ከቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች አንዱ አላስቻለውም። «አባባ፣ እሱ እኮ ኳስ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር!»

ሾፌሮቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሴቶቹም ተሻገረ። እኔ እንዲህ ብዙ ሰው አስቄ አላውቅም። ወንድሜን ልቀብር መጥቼ ተሳካልኝ። እናቴን ማየት ፈራሁ።

«አባባ፣ ሰው ያስቅ ነበር ማለቴ ነው» አልኩ።

«እሱንማ እናውቃለን!» አሉ ሽማግሌው። «እንዲያ አትልም ታዲያ?»

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። «አስተካክለው» አለችኝ።

በቃል ማረም ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀኝ ከሾፌሩ እስክሪብቶ ተቀበልኩ፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «በሁሉም ዘንድ የታወቀ ተጫዋች ነበር» የሚለውን ሰረዝኩ። «ሰው ያስቅ ነበር» ብዬ ከላዩ ጻፍኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ።