ትርፍ ሰው ጎንበስ ይበል

"አባባ፣ ትራፊክ አለ፤ ጎንበስ ይበሉ!" አለኝ የሚኒባሱ ሹፌር፣ ዛሬ ከጋሸና መጥተን ላሊበላ ልንገባ ስንል።

ወንበር አለ ብሎ አሳፍሮኝ በርጩማ ላይ ነው ያስቀመጠኝ። እንደኔ ትርፍ የተጫኑት ሁሉ እጥፍ አሉ፤ አንድ መምህርም አለበት።

እኔ ጎንበስ የምለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ እንኳ ጎንበስ አሰኝታኝ አታውቅም! ቀጥ አልኩ።

ትራፊኩ አየኝ። ሹፌሩን ቀጣው፤ እኛን ትርፎቹንም አስወረደን።

"አስቀጡኝ እኮ አባባ!" አለ ሹፌሩ።

"ትርፍ የጫንከው አንተ፣ ያስቀጣሁህ እኔ?"

የወረዱትም ተንጫጩብኝ። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ቢል ትራፊኩ ነው የሚሞተው?" አልኳቸው።

የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ጉልበቴን አሞኛል፣ አንገቴ ግን ደህና ነው።

እናንተስ፣ ስንት ጊዜ እጥፍ ብላችሁ አለፋችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።